ፖሊፑ ወጥቷል፤ ጭንቀቱስ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው "ስለ ጤና የፈለግሽውን ተናገሪ፣ 20 ደቂቃ አለሽ" ብሎኛል። ባለፉት ዓመታት ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ሰምታችኋል። እኔ ዛሬ ስለ ትልቁ አንጀት ልናገር ነው። ምሳ ሊቀርብ ሲል የሚነሳ ወሬ አይደለም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። የምሠራው ኮሎኖስኮፒ በሚደረግበት ክፍል ስለሆነ ከእናንተም መካከል እየደወላችሁ የምታማክሩኝ አላችሁ። የሚገርመኝ፣ አብዛኛው ሰው የሚደውለው ከምርመራው በፊት ሳይሆን ከተመረመረ በኋላ ነው። "ፖሊፕ አገኘንብህ፣ አውጥተነዋል፣ ከ3 ዓመት በኋላ ተመለስ አሉኝ። እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ካንሰር ነው አይደል?" ይለኛል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደውለውም ከመኪና ውስጥ ሆኖ ነው፤ ቤት ያለ ሰው እንዳይሰማ።

ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ "ተመርመሩ" የሚል ብቻ አይደለም። ተመርምረው፣ ፖሊፕ ወጥቶላቸው፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ላጡ ሰዎች ነው።

ፖሊፕ በትልቁ አንጀት የውስጥ ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ ሥጋ ነው። አንዳንዱ እንደ ምስር ክክ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ አንዳንዱ ግንድ አለው፣ እንጉዳይ ይመስላል። ብዙ ጊዜ "እጢ" ብለን እንተረጉመዋለን። ችግሩ "እጢ" ስንል የሚሰማን ሰው ጆሮ ውስጥ "ካንሰር" ሆኖ መግባቱ ነው። እኔ ለአገሬ ሰው ሳስረዳ ቃሉን እንዳለ "ፖሊፕ" ብዬ እተወዋለሁ፤ እናንተም እንደዚያ ብታደርጉ እመክራለሁ። ቋንቋን ማሳደግ መልካም ነው፤ ግን አንድ ቃል ሰውን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ ይቅርብን።

ከፖሊፖች ውስጥ በዋናነት አዴኖማ የሚባለው ዓይነት ነው በጊዜ ብዛት ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችለው። በጊዜ ብዛት ስል ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሚወስድ ጉዞ ማለቴ ነው። አብዛኞቹ አዴኖማዎች እዚያ ጨርሶ አይደርሱም። የትኛው እንደሚደርስ ግን አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል ሐኪሙ ያገኘውን ያወጣል። ከሥራ ቤታችንም አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ ሙያ ሐኪም ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ፣ ከሚመረምራቸው ሰዎች ስንቱ ላይ አዴኖማ እንደሚያገኝ ነው። ለብዙ ዓመታት መለኪያው ቢያንስ ከ4 ሰው በ1ዱ ላይ ነበር፤ አሁን ከዚያም ከፍ ብሏል። ከዚያ በታች የሚያገኝ ሐኪም "ታካሚዎቹ ጤነኞች ናቸው" አይባልለትም፤ "በደንብ አላየህም" ነው የሚባለው። "ፖሊፕ አገኘንብህ" ተብላችሁ ከሆነ የደረሰባችሁ ነገር ይህን ያህል የተለመደ ነው። ሐኪማችሁም ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

"ማውጣቱ ግን ይጠቅማል ወይ?" ለሚል ሰው በአሜሪካ የተደረገ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። አዴኖማ የወጣላቸውን 2602 ሰዎች ለረጅም ዓመታት ተከታትሎ ውጤቱን በ2012 አወጣ። ከሕዝቡ አማካይ ተነስቶ ሲሰላ ከእነዚህ ሰዎች መካከል 25 ያህሉ በትልቁ አንጀት ካንሰር ይሞታሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የሞቱት 12 ናቸው። ዜሮ አይደለም፤ ዜሮ ነው ብዬ አላታልላችሁም። ነገር ግን ፖሊፕ የወጣለት ሰው "ተፈርዶበታል" ብሎ ለሚያስብ ይህ ቁጥር መልስ ይሰጣል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ፖሊፑ ከወጣ በኋላ ወደ ፓቶሎጂ ይላካል፤ እዚያ በአጉሊ መነጽር ይታያል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ውጤት ይጻፋል። ይህን ወረቀት በእጃችሁ ያዙ። ስንት እንደነበሩ፣ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆኑ፣ ዓይነታቸው ምን እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው። የሚቀጥለው ቀጠሮም የሚወሰነው በእነዚህ ነገሮች ነው። እዚህ አሜሪካ በ2020 የወጣው መመሪያ እንዲህ ይላል። ምንም ካልተገኘ 10 ዓመት። ከ10 ሚሊ ሜትር ያነሱ 1 ወይም 2 አዴኖማዎች ከሆኑ ከ7 እስከ 10 ዓመት። 3 ወይም 4 ትናንሽ ከሆኑ ከ3 እስከ 5 ዓመት። ከ5 እስከ 10 ከሆኑ፣ ወይም አንዱ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሴሎቹ በጣም የተለወጡ ከሆነ 3 ዓመት። 20 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ ተቆራርጦ የወጣ ከሆነ ደግሞ ቦታው በደንብ መጽዳቱን ለማየት በ6 ወር ይመለሳሉ። እንግዲህ "3 ዓመት" መባል "ካንሰር አለብህ፣ ደብቀንሃል" ማለት አይደለም። ስሌት ነው። ቀድሞ ለ1 ወይም ለ2 ትናንሽ ፖሊፕ "5 ዓመት" ይባል ነበርና እንደዚያ የተባላችሁ ካላችሁ ሐኪማችሁን "ቀኑ አሁንም ያው ነው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ለንደን ያላችሁ ደግሞ አትደናገጡ። በእንግሊዝ መመሪያው ይለያል። ጥቂት ትናንሽ ፖሊፕ የወጣለት ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ኮሎኖስኮፒ አይቀጠርለትም። ከ50 እስከ 74 ዓመት ላለው ሁሉ በየ2 ዓመቱ በፖስታ ወደሚላከው የሰገራ ምርመራ ይመለሳል። ቨርጂኒያ ያለ ወንድም ለንደን ያለውን "አንተን ረስተውሃል" እያለ ሲያስጨንቀው ሰምቻለሁ። አልረሱትም።

እኔም ከዚሁ ነኝ። 45 ዓመት ሲሞላኝ፣ እዚህ አገር ከ2021 ጀምሮ የሚመከረው መጀመሪያ ዕድሜ እሱ ነውና፣ ሄጄ ተኛሁ። 12 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ፖሊፕ ወጣልኝ። ሥራዬ ነው፤ መመሪያውን ተኝቼም እደግመዋለሁ። ውጤቱ እስኪመጣ የነበሩትን 6 ቀናት ግን ያለፍኩት እንደ ነርስ አልነበረም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልኬን ከፍቼ ውጤት መጣ አልመጣ እያልኩ አይ ነበር። ሆዴ በጮኸ ቁጥር እጄን አስቀምጥበት ነበር። ለታካሚዎቼ "ፖሊፕ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስሜት የለውም፤ የሚጮኸው ሆድ የሚጮኸው በሌላ ምክንያት ነው" እላለሁ። እውነት ነው። ጭንቀት ራሱ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፣ ያደርቃል። እኛ እኮ ሲከፋን "ሆዴ ባባ"፣ ስንጠራጠር "ሆዴ አላመነም" የምንል ሕዝብ ነን፤ አንጀትና ሐሳብ እንደሚነጋገሩ ለማወቅ የውጭ መጽሐፍ አላስፈለገንም። ማወቅ ግን ጭንቀቱን አያጠፋውም። ጭንቀት የደረሰባችሁ ስላልተማራችሁ ወይም እምነታችሁ ስላነሰ አይደለም።

ውጤቱ አዴኖማ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ ከ3 ዓመት በኋላ ተመለሺ ተባልኩ። የሚመጣው መጋቢት ይሞላኛል።

እኔን የረዳኝን ልንገራችሁ፤ ለሁሉም ይሠራል ብዬ አይደለም። የፓቶሎጂውን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ አስቀመጥኩ። ሐሳቡ ሲመጣ ኢንተርኔት ከመፈለግ ይልቅ ያንን አነባለሁ፤ ምክንያቱም ኢንተርኔቱ ስለ ማንም ነው፣ ወረቀቱ ስለ እኔ ነው። የቀጠሮውን ወር ቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፍኩና ከዚያ በፊት "ይኖር ይሆን?" የሚለው ጥያቄ ሲመጣ "መጋቢት ላይ እናያለን" እለዋለሁ። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ጥያቄው ቀን ከተቆረጠለት በየሌሊቱ መመላለሱን ይቀንሳል። ቀጠሮው ሲቃረብ ጭንቀቱ እንደገና ከፍ ማለቱም የተለመደ ነው። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከሁለት ሳምንት በላይ ከጠፋባችሁ ግን ይህን ራሱን ለሐኪም ንገሩ፤ የሚታከም ነገር ነው።

በሥራዬ ሁለት ዓይነት ሰው አያለሁ። አንዱ "በየዓመቱ ካላያችሁኝ" ብሎ የሚለምን ነው። ለእሱ የምለው፣ ምርመራው ራሱ አልፎ አልፎ መድማት፣ በጣም አልፎ አልፎ ደግሞ አንጀት መበሳት ሊያመጣ ይችላል፤ ያለ ምክንያት መደጋገም ጭንቀትን በሌላ ጭንቀት መለወጥ ነው። ሁለተኛው ሰው ይበልጥ ያሳስበኛል። እሱ ይጠፋል። ደብዳቤ ይላክለታል፣ ይደወልለታል፣ አይመጣም። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ስትጠይቁት የሚወስደው ሰው የለውም። ማስተኛ መድኃኒት ስለሚሰጥ ብቻውን መኪና መንዳትም ሆነ ታክሲ ይዞ መሄድ አይፈቀድለትም፤ አብሮት የሚወጣ አዋቂ ሰው ያስፈልጋል። ሰው ለመጥራት ደግሞ መናገር አለበት። መናገር አይፈልግም፤ "ሆድ ይፍጀው" ብሏል። ሆዱ ሊፈጀው የማይችለውን ነገር ሆዱ ውስጥ ይዞ ቀጠሮው ያልፋል።

ስለዚህ ለማኅበሩ አንድ ሐሳብ አለኝ። ለለቅሶና ለሠርግ ስንጠራራ እንዴት እንደምንደርስ ታውቃላችሁ። ሳይጠይቁ የሚያደርሱ፣ ሳይጠይቁ የሚመልሱ ጥቂት ሰዎች በየከተማው ስማቸውን ይስጡን። "የት ሆስፒታል? ስንት ሰዓት?" ብቻ። ለምን እንደሆነ አይጠየቅም። በእኔ በኩል ስሜን አስመዝግቤአለሁ።

ምስጢር መያዙ ሌላም ጉዳት አለው። ፖሊፑ ትንሽ ከነበረ ለእህትና ለወንድም የሚለወጥ ነገር የለም፤ ነግራችሁ አታስጨንቋቸው ብትሉ እንኳ እስማማለሁ። ነገር ግን 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከነበረ፣ ወይም ሴሎቹ በጣም ተለውጠው ከተገኙ፣ እናንተም ያን ጊዜ 60 ዓመት ካልሞላችሁ፣ ወንድሞቻችሁ፣ እህቶቻችሁና ልጆቻችሁ ምርመራውን በ40 ዓመታቸው፣ ወይም እናንተ ከተገኘባችሁ ዕድሜ 10 ዓመት ቀድመው፣ ከሁለቱ በቀደመው እንዲጀምሩ ይመከራል። ይህን ሐኪም ሊነግራቸው አይችልም፤ አያውቃቸውም። የምትነግሯቸው እናንተ ብቻ ናችሁ።

ሲያትል ያለው ወንድሜ ያኔ 41 ዓመቱ ነበር። ስነግረው መጀመሪያ ያለኝ "ካንሰር ነው፣ አትደብቂኝ" ነው። ወረቀቱን ላኩለት። ቀጥሎ "እኔን ምንም አላመመኝም" አለ። አንድ ዓመት ሙሉ አላመመኝም ሲል ከረመ። በመጨረሻ ሲሄድ ሁለት ትናንሽ ወጡለት። አሁን እሱ ነው ጓደኞቹን የሚወተውተው። ለእናቴ መንገር ግን ከበደኝ። ሐይቅ ሆና በስልክ "ኮሎኖስኮፒ" ብላት ምን ይገባታል? "እማዬ፣ አንጀቴ ላይ የበቀለ ነገር ነበር፣ ነቅለው ጣሉት" አልኳት። ዝም ብላ ቆይታ "አረም በይኛ" አለችኝ። ከዚያ "አረም እኮ አንዴ ታርሞ አይተውም፤ መቼ ነው ተመልሰው የሚያዩሽ?" አለች። የክትትልን ትርጉም ለታካሚ ሳስረዳ ከዚያ ወዲህ የምጠቀመው የእሷን ቃል ነው።

ስለ ዝግጅቱ ብዙ ስለምትጠይቁኝ ትንሽ ልቆይበት። ምርመራው አይከብድም፤ ተኝታችሁ ነው። የሚከብደው አንጀት የሚያጥበው መድኃኒት ነው፤ እሱ ካልተሳካ ሐኪሙ አያይም፣ በዓመት ውስጥ እንደገና ኑ ትባላላችሁ። እኛ ደግሞ የምግባችን ጉዳይ አለ። ለሌላ ጊዜ ጤና የሆነው ሁሉ፣ ጤፉ፣ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ተልባው፣ ሱፉ፣ ቆሎው፣ ለዚህ ቀን ጠላት ነው። አንጀት ግድግዳ ላይ ይቀራል። የተልባ ፍሬ መሣሪያውን ሲደፍነው በዓይኔ አይቻለሁ። ሆስፒታሉ የሚሰጣችሁ ወረቀት "ለውዝና ፍሬ አትብሉ" ይላል እንጂ ስለ እንጀራ አይናገርም፤ ስለዚህ ሰው እንጀራ በሽሮ በልቶ ይመጣል። ከ2 ወይም 3 ቀን በፊት ጀምሮ ነጭ ዳቦ፣ ነጭ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የተላጠ ድንች፣ ለሚፈስክ እንቁላልና ዶሮ ብሉ። ከምርመራው በፊት ባለው ቀን የጠራ ፈሳሽ ብቻ ነው፤ የተጣራ መረቅ፣ ሻይ፣ ወተት የሌለው ቡና ይቻላል። ቀይ ነገር፣ ከርከዴም ሆነ የቀይ ሥር ጭማቂ፣ ደም ስለሚመስል አትጠጡ። መድኃኒቱን ፍሪጅ አስገብታችሁ በስትሮ ጠጡት። ግማሹን ማታ፣ ግማሹን ሌሊት ተነሱና ጠጡ ካሏችሁ፣ የሌሊቱን አትተዉ፤ ዋናው እሱ ነው።

ቀጠሮውን ከዐቢይ ጾምና ከረመዳን ውጭ ብታደርጉት ለራሳችሁም ይቀላል። ጠዋት "ምንም አትጠጡ" ከተባለበት ሰዓት በኋላ ጠበልም ዘምዘምም መጠጥ ነው። ጠጥታችሁ ከሆነ ለነርሷ ንገሯት፤ ማንም አይቆጣችሁም፤ ሰዓቱ ትንሽ ይገፋል እንጂ። ደም ማቅጠኛ፣ የስኳር ወይም የአይረን መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ከሳምንት በላይ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ በራሳችሁ አታቁሙ። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ከሆነ እዚህ አገር ሆስፒታሉ በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፤ የ12 ዓመት ልጃችሁን አታስተርጉሙ። ኢንሹራንሱን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ምርመራ በነፃ ተሠርቶላችሁ የክትትሉ ላይ ክፍያ ሊመጣ ይችላልና አስቀድማችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ፖሊፕ ከወጣ በኋላ እስከ 2 ሳምንት ድረስ ሊደማ ይችላል። ጠብታ ደም አያስደነግጥም፤ ብዙ ደም፣ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ወይም ትኩሳት ግን ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ያስኬዳል። ስለዚህ ለገና አገር ቤት ለመሄድ ትኬት የቆረጣችሁ ሰዎች ቀኖቹን አታጣብቋቸው። ከሪያድ፣ ከዱባይ፣ ከኩዌት የምትከታተሉን ደግሞ፣ እዚያ ታክማችሁ ከሆነ አገር ከመልቀቃችሁ በፊት የፓቶሎጂውን ወረቀት ከነቀኑ ውሰዱ። ሥራ ከተለቀቀ በኋላ በሩቅ ሆኖ ማስወጣት አሳር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቀጠሮ አለኝ ብላችሁ ምልክትን አትጠብቁ። ሰገራ ላይ ደም፣ ሳይታወቅ መክሳት፣ ለሳምንታት የቆየ የሰገራ ለውጥ፣ ያልታወቀ የደም ማነስ ካለ የቀጠሮው ቀን አይጠበቅም። እኛ ደም ስናይ "ኪንታሮት ነው"፣ ሲያስቀምጠን "አሜባ ነው" እንላለን፤ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ ኪኒን አለ፣ እሱን ውጠን እንቀመጣለን። አሜባ ሊሆን ይችላል። ይመርመራ! ጥሬ ሥጋ ስለበላሁ ነው ወይ ለሚሉኝ ደግሞ፣ ጥሬ ሥጋ ኮሶ ያመጣል እንጂ ጥሬ መሆኑ ፖሊፕ ያመጣል አልተባለም፤ በርበሬም ንጹሕ ነው። ሲጋራ፣ ብዙ መጠጥ፣ እንደ ሆትዶግና ሳላሚ ያለ የተቀነባበረ ሥጋ ግን ተጠያቂ ናቸው።

ባለፈው ጉባኤ "ለአካባቢያችን የኮሎኖስኮፒ መሣሪያ እንግዛ" የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ቅንነቱን አከብራለሁ፤ ግን ገና ነው እላለሁ። መሣሪያው ብቻውን አይሠራም። የሠለጠነ ሐኪም፣ ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ በኬሚካል የሚያጥበው ሰው፣ የማይቋረጥ ውኃና መብራት፣ የወጣውን ፖሊፕ የሚያነብ ፓቶሎጂስት ይፈልጋል። እነዚህ ከሌሉ መጋዘን ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥትም በግልም ሆስፒታል ይሠራል። ከሐይቅ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደም እያየ ለመሄድ አቅም ያጣ ሰው ሲኖር ለትራንስፖርትና ለምርመራው የሚሆን ትንሽ ፈንድ ብናስቀምጥ በዚያው ገንዘብ ብዙ ሰው ይደርሳል። ምንም ምልክት የሌለባቸውን ሽማግሌዎች ግን ከዚህ ሆነን በስልክ አናስጨንቃቸው።

ታናሽ እህቴ እዚያው ሐይቅ ናት። በሚመጣው ዓመት 40 ይሞላታል። በእኔ ምክንያት የእሷም ተራ ቀድሞውኑ ደርሷል ማለት ነው። ነግሬአታለሁ፤ ፈርታለች። "አንቺ መጀመሪያ የመጋቢቱን ጨርሺና ንገሪኝ" ብላኛለች። ተስማምተናል፤ እኔ መጋቢት፣ እሷ ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ።

ወረቀቱን ስልኩ ላይ የያዘ ወይም ቀጠሮው ያለፈበት ሰው ካለ፣ ከምሳ በኋላ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። ሰው ፊት መጠየቅ የማይፈልግ ስልኬን ከጸሐፊያችን ይውሰድ፤ ከመኪና ውስጥም ቢሆን ደውሉ።